ከታክሲው ኋላ የሚወጣው ኪቦርድ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ባለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሾፌር ቀኑን የሚገፋው በመጠበቅ ነው። አውሮፕላን ያርፋል፣ ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ እንደገና ይቆማል። በዚህ መሀል አንዱ ቡናውን ይዞ ወሬ ይጀምራል፤ አንዱ ወንበሩን ወደኋላ ለጥጦ ሸለብ ያደርጋል፤ ሌላው ከአገር ቤት የተደወለለትን ስልክ ያነሳል። ለዓመታት ከእነዚህ ሾፌሮች አንዱ ከመኪናቸው ወርደው፣ የኋላውን የዕቃ ቦታ ከፍተው፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያወጡ ነበር። ተመልሰው ይገቡና እዚያው መኪናው ውስጥ ይጫወታሉ። ተራቸው ሲደርስ ኪቦርዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የመንገደኛው ሻንጣም ከጎኑ ይጫናል።

ሾፌሩ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ሰው፣ በደርግ ዘመን የሂልተን ሆቴልን ታዳሚ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፈሩ፣ «ቼ በለው»ን የመሰለ ሥራ ያወጡ ሙዚቀኛ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የምዕራቡ ዓለም ጋዜጦች ታሪካቸውን ደጋግመው ጽፈውታል። ርዕሱ ሁልጊዜም ከአንድ ቡሖ የተጋገረ ነው፤ ጠፍተው የነበሩት ሙዚቀኛ ታክሲ ሲነዱ ተገኙ ይላል።

ለአማርኛ አንባቢ ታክሲው ምኑም ዜና አይደለም። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የተሳፈረ ሐበሻ ከሾፌሩ ጋር ሁለት መብራት እስኪያልፍ ቢጨዋወት፣ መሪውን የጨበጠው የቀድሞ መምህር ወይም የቀድሞ መቶ አለቃ ሆኖ ያገኘዋል። ስደት ሰውን ከሙያው አውርዶ ሌላ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ያልተለመደው ኪቦርዱ ነው። የቀድሞው መምህር ጠመኔውን ይዞ አይዞርም። ጋሽ ኃይሉ ግን መሣሪያቸውን ይዘው ይዞሩ ነበር፣ በየመሀሉም ያወጡት ነበር። «ጠፍተው ተገኙ» የሚለው አነጋገር የማይዋጥልንም ለዚህ ነው። መድረክ ላይ አልታዩም እንጂ ጣታቸው ከቁልፉ አልተለየም።

ጋሽ ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ በ10 ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ። ጆሯቸው የተገራው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ዘፈኖች ነው። በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን ያዙ። በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብተው ኖታ ማንበብና መጻፍ ከተማሩ በኋላ ወጥተው በየቡና ቤቱና በየክለቡ እየተዘዋወሩ ይሠሩ ጀመር። ያን ጊዜ ቋሚ ደመወዝና ቋሚ መሣሪያ ያለው ሙዚቀኛ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ወይም የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ሰው ነበር። ከዚያ ውጪ ያለው በጉልበቱና በጣቱ ያድራል።

ስለ አኮርዲዮኑ ትንሽ ቆም ብሎ ማውራት ያስፈልጋል፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ የሚመለሰው እሱ ዘንድ ነውና።

አኮርዲዮን ሲያዩት ቀላል ዕቃ አይመስልም፤ ሲሸከሙትም አይደለም። በሁለት ማንገቻ ደረት ላይ ይታሰራል። ቀኝ እጅ የፒያኖ ዓይነት ቁልፎች ላይ ይሯሯጣል። ግራ እጅ የቤዝና የኮርድ አዝራሮችን እየተጫነ፣ እግረ መንገዱንም እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚታጠፈውን የመሣሪያውን ሆድ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ድምፁን የሚያወጣው አየር ነው፤ ከወናፉ የተገፋው አየር ቀጫጭን የብረት ምላሶችን እያርገበገበ ያልፋል። ፒያኖ ላይ ጣት ቁልፉን አንዴ ከመታ በኋላ ድምፁ እየከሰመ ይሄዳል እንጂ ተጫዋቹ ሊያባብለው አይችልም። አኮርዲዮን ላይ ግን ወናፉ እስከተገፋ ድረስ ድምፁ በሕይወት አለ። ጠበቅ ሲያደርጉት ይጮኻል፣ ላላ ሲያደርጉት ያንጎራጉራል፤ በመሀል ልክ እንደ ሰው ትንፋሽ ይወስዳል። የማሲንቆ ጭራ ክሩ ላይ ሲሳብ የሚሰማው የሚለጠጥ፣ የሚያለቃቅስ ነገር ከባሕር ማዶ ከመጡት መሣሪያዎች ሁሉ እዚህ ላይ ይቀርባል።

ለዚህም ይመስላል አዲስ አበባ አኮርዲዮንን ያለ ብዙ ማንገራገር የተቀበለችው። የዘመናዊ ሙዚቃችን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ባንዶች ውስጥ የተለመደ ድምፅ ነበር። ኋላ ኤሌክትሪክ ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ መጡ፤ ድምፃቸው ጎላ ያለ፣ መልካቸውም የጊዜው ሆነ። አኮርዲዮን ጥግ ያዘ። ጋሽ ኃይሉም እንደ ዘመን ጓደኞቻቸው ወደ ኦርጋን ዞሩ።

ቁልፍ ያለው መሣሪያ ይዞ የአገር ቤት ዜማ መጫወት የራሱ ጣጣ አለው። የኛ ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ፒያኖ ላይ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ቁልፍ አለ። ከዶ ተነስቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ያለ ሰው ትዝታ ውስጥ ነው። ሚንና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጋቸው ያው ትዝታ ይጠቁራል፣ ሆድ የሚያባባው ዓይነት ይሆናል። ሁለት ቁልፍ መለወጥ ይህን ያህል ያደርጋል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ እያንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መንገድ አለው፤ ኪቦርድ ላይ ግን ቁልፉ ወይ ይህ ነው ወይ ያ፤ መሀል ላይ የሚቆምበት የለም። ስለዚህ ተጫዋቹ የዘፋኙን ማንቆርቆርና ማወዛወዝ በሌላ ብልሃት መተካት አለበት፦ ጣት ሳይቆይ በሚያልፍበት ቅጽበታዊ ንክኪ፣ አንዲትን ድምፅ ደጋግሞ በማንኳኳት፣ ሐረጉን ከምቱ ቀደም ወይም ዘግየት አድርጎ በማስገባት።

ይህን ጣጣ የፈታው ሁሉ በየራሱ መንገድ ሄዷል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ሲያወጡ ከአምስቱ ድምፆች ሥር የጃዝ ኅብር ዘርግተው ነበር። ዜማው የኛ ነው፤ ወለሉ የሌላ። ጋሽ ኃይሉ ወለሉን ብዙም አይነኩም። አንድ የታወቀ የሕዝብ ዜማ ይወስዱና መጀመሪያ ሰሚው እንዲያውቀው ያህል እንዳለ ያስቀምጡታል። ሁለተኛው ዙር ላይ አንዲት ጥግ ትነቀነቃለች። ሦስተኛው ላይ ዜማው ወደኋላ ይልና ምቱ ብቻ ይቀራል፣ እሳቸውም በዚያ ላይ ይንሸራሸራሉ። አብዛኛው ሥራቸው ዘፋኝ የለውም፤ ሲያዳምጡት ግን ዘፋኙ ውኃ ሊጠጣ ለአፍታ ከመድረክ የወረደ ነው የሚመስለው።

ዋልያስ ባንድ የተመሠረተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስሙን ከሰሜን ተራሮች ሌላ የትም ከማይገኘው ዋልያ ወሰደ። ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፤ ግርማ በየነም ነበሩ። ባንዱን ከሌሎች የለየው አንድ ተራ የሚመስል ነገር ነው፦ መሣሪያው የራሳቸው ነበር። በጊዜው ድራሙና ኦርጋኑ ብዙ ጊዜ የሆቴሉ፣ የክለቡ ወይም የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ሙዚቀኛው ቤቱን ሲለቅ እጁን አራግፎ ይወጣል። የራሱ ማጉያ ያለው ባንድ ግን ከባለቤት ጋር ቁጭ ብሎ ይዋዋላል፣ ምን እንደሚጫወት ራሱ ይወስናል። ዛሬ «ኢንዲፔንደንት» የሚባለው ነገር ያኔ አዲስ አበባ ላይ በተግባር ይህ ነበር።

በሂልተን ለአሥር ዓመት ገደማ ሠሩ። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። ባንዱም አይችልም። ስለዚህ ሙዚቃው እስከ ንጋት ይቀጥላል። ዘፈን ሦስት ደቂቃ ላይ የሚያልቅበት ምክንያት በሌለበት ቤት፣ ተጫዋች አንዲትን ምት ይዞ መቆየትን፣ ሳያሰለች መደጋገምን፣ የደከመን ጨፋሪ ቀስ ብሎ መቀስቀስን ይማራል። የጋሽ ኃይሉ የኋላ ቀረጻዎች ውስጥ ያለው አለመቸኮል ከዚያ ሌሊት የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደግሞም ግጥም ሁሉ በሳንሱር የሚታይበት ዘመን ነበር፤ ቃል የሌለውን ኦርጋን ምን ብሎ መሰረዝ ይቻላል?

በ1975 «ትዝታ» የተባለውን ካሴት አወጡ፤ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። በ1977 «ቼ በለው» በካይፋ ሪከርድስ ታተመ፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ይዘው አብረው ተጫውተዋል። እዚያ ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ከዘመኑ የመሣሪያ ሥራዎች ሁሉ ርቆ ሄዷል። ኋላ የውጭ ባንዶች ሳይቀሩ ደጋግመው ተጫውተውታል። የአሠራሩ ምስጢር ቀላል ነው፤ ታች ያለው ቡድን አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳይታክት ይመላለሳል፣ ነፋሾቹ እንደ ለቅሶ ተቀባይ በኅብረት ይመልሳሉ፣ ኦርጋኑ በመካከላቸው ያደባል። በ1978 ደግሞ ጋሽ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ጊዮን ሆቴል ውስጥ ቀዱ። ዋልያስን ሳይለቁ ነው። ሌላ ባንድ ሌላ ወዝ አለው፣ ቢሞከር ምን ይላል የሚል ሰው ሥራ ነው።

በ1981 ዋልያሶች ማህሙድ አህመድንና ጌታቸው ካሳን ይዘው አሜሪካን ዞሩ። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ከሄዱት ዘመናዊ ባንዶች ቀዳሚ ናቸው። አዳራሹን የሚሞላው በአብዛኛው ከአገሩ የወጣ ሐበሻ ነበር። ጉብኝቱ ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ተመለሰ፤ ጋሽ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስና መላከ ቀሩ። የቀሩትን መውቀስም ሆነ የተመለሱትን ማሞገስ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያን ጊዜ ምን እንደምትመስል ያየ ይፍረድ። ለሙዚቃው ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። አሥር ዓመት አብሮ የተነፈሰ ባንድ በአንድ ወቅት ፈረሰ።

ጋሽ ኃይሉ ከሞገስና ከመላከ ጋር ዙላ ባንድን አቋቁመው በየከተማው ለኢትዮጵያውያን ይጫወቱ ጀመር። በዚያው ሰሞን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ። እዚያ በተዋወቁት ሰው አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ በ1985 የሠሩት ካሴት ነው ይህን ሁሉ ወሬ ያመጣው።

ስቱዲዮው ውስጥ ባንድ የለም። ያለው አንድ ሰው፣ ጥቂት ማሽንና አኮርዲዮን ነው።

ማሽኖቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባል፤ እያንዳንዱ የሌላ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ነውና። የሪትም ማሽኑ የተማረ ሐረጉን ቦታ ያዘ፤ አይደክምም፣ አይፈጥንም፣ አይሳሳትም፣ አያላብም። ሙግ ሲንተሳይዘር አለ፤ ወፍራም የኤሌክትሪክ ድምፅ ያመነጭና በማጣሪያ እያሳለፈ ይቀርጸዋል። ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ አለ፤ በውስጡ ትናንሽ መዶሻዎች ቀጫጭን ብረቶችን ይመታሉ፣ ብረቶቹ እንደ ደወል ሲርገበገቡ ድምፁ በኤሌክትሪክ ይወሰዳል፤ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው። በመጨረሻም በ1983 ገበያ የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 አለ፤ አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው እያናወጠ የሚሠራ፣ ብርጭቆ የተነካ የሚመስል ጥርት ያለ ድምፅ ያለው የዘመኑ ብርቅ። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሬዲዮ በዚህ መሣሪያ ድምፅ ተሞልቶ ነበር።

ጋሽ ኃይሉ እነዚህን አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ቀዱ። ከሁሉ በላይ ያስቀመጡት አኮርዲዮኑን ነው፤ ሁሉም የተወውን፣ ራሳቸውም ትተውት የነበረውን። ፍላጎታቸው ያ የድሮ ድምፅ እንደገና እንዲሰማ ነበር። ይህን ለማድረግ ቀላሉ መንገድ ደግሞ የድሮውን እንደድሮው መጫወት ነው፤ አኮርዲዮን፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ አበቃ። እሳቸው ያን አላደረጉም። የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ የያዙትን መሣሪያ በ1985 ማሽን መሀል አስገቡት።

ውጤቱን በጆሮ መግለጽ ይከብዳል፤ ይሞከር። ማሽኑ ፍንክች አይልም፤ ምቱ በገዢ የተሰመረ ነው። አኮርዲዮኑ ደግሞ በዚያ መስመር ላይ አንዴ ቀደም፣ አንዴ ዘግየት እያለ፣ ሐረጉ መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ጨርሶ ወናፉን እንደገና እየከፈተ ይሄዳል። አንዱ ሰው፣ አንዱ ሰዓት። «ሸሞንሟናዬ»ን ሰርግ ቤት በእስክስታ የሚያውቅ ሰው እዚህ ካሴት ላይ ሲሰማው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዝም ይላል። የሰርጉ ዜማ አለ፤ ሰርገኞቹ የሉም።

የካሴቱ የእንግሊዝኛ ስም «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ትርጉም ያለው ነው። የውጭ ሰሚዎች በ«ክላሲካል» ቃል ግር ሲላቸው ይታያል፤ ሞዛርት የታለ? ለኛ ግን ቃሉ ቤት ያፈራው ነው። አዲስ አበባ ካሴት ቤት ገብቶ «ክላሲካል ስጡኝ» ያለ ሰው ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ የኛን ሙዚቃ ነበር የሚሰጡት፤ ማታ ሬዲዮ ፕሮግራሙን ሊዘጋ ሲል የሚያስገባውን፣ ቢሮ ውስጥ ዝግ ተደርጎ የሚከፈተውን። እንዲህ ሲታይ ርዕሱ የሚያደናግር አይደለም። ከባሕር ማዶ የመጣ ቃል እኛ ዘንድ የኛ ትርጉም ያዘ፤ አኮርዲዮኑም እንደዚያው።

ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ በየሱቁ ተሸጠ፤ እንደ ማንኛውም ካሴት ተዳመጠ፣ ተሳበ፣ በቢክ እስኪርብቶ ተጠቀለለ፣ በሌላ ተተካ። ጋሽ ኃይሉም በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረኩን ተዉት። ከሌሎች ጋር ክለብ ከፍተው ጥቂት ዓመት ሠሩ። ክለቡ ሲዘጋ በ1998 ታክሲ ያዙ።

ስለነዚህ ዓመታት ብዙ የሚባል የለም። ጠዋት መውጣት፣ መሰለፍ፣ ማድረስ፣ መመለስ። ቤት ውስጥ ልምምድ፣ ሰልፍ ላይ ልምምድ። ሙዚቀኛ መድረክ ሲያጣ የመጀመሪያው የሚሄድበት ጣቱ ነው፤ አንድ ወር ያልነካ ተጫዋች እጁ እንደተኛ እግር ይደነዝዛል። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ማስቀመጥ እንግዲህ ተግባራዊ ዘዴ ነበር፤ ሌላ ምንም ተአምር የለበትም።

ብሪያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ካሴት ቤት ገብቶ የ1985ቱን ካሴት አገኘ። «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚባል አሳታሚ ድርጅት አለው፤ አሮጌ ካሴቶችን ባለቤቶቻቸውን ፈልጎ፣ አስፈቅዶ እንደገና ያሳትማል። ካሴቱን ሰማ፣ ሰውየውን አፈላለገ፣ ስልክ ደወለ። በ2013 ሥራው በሸክላና በሲዲ እንደገና ወጣ። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 ተከተሉ።

የፈረንጅ ሰሚ እንግዲህ ጋሽ ኃይሉን ከኋላ ወደፊት ነው የተዋወቃቸው፤ መጀመሪያ ብቸኛው ሰው ከነማሽኑ፣ ቀጥሎ የሂልተን ባንድ፣ መጨረሻ ላይ የ1975ቱ ካሴት። ብቻውን ስቱዲዮ የገባው ሰው በስተጀርባው የጎደለው ባንድ እንዳለ ያልሰማ ሰው፣ 1985ን እንደ እንግዳ ሙከራ ብቻ ቢሰማው አይፈረድበትም። እኛ ግን የሪትም ማሽኑን ስንሰማ የቀረውን ድራመኛ እንሰማለን።

ጉብኝት ተጀመረ፤ አውሮፓ፣ አሜሪካ። በእድሜያቸው ሰባኛውን የተጠጉ ሰው መድረክ ላይ ኪቦርድ፣ አኮርዲዮንና ሜሎዲካ እያቀያየሩ ይጫወታሉ። ሜሎዲካ በአፍ እየተነፋ በቁልፍ የሚጫወቱት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የአኮርዲዮን የአክስት ልጅ ቢባል ያስኬዳል፣ ወናፉ የተጫዋቹ ሳንባ ነው። አጃቢዎቻቸው የነበሩት ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ድራመኛው ቶኒ በክና የቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ናቸው። ሁለቱም ከሙከራ ሙዚቃ መንደር የመጡ፤ በክ በተለይ አንድን ሐሳብ ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ በሚያሽከረክረው «ዘ ኔክስ» ባንድ ይታወቃል። ሰዓት እላፊ ምን እንደሆነ አያውቁም ይሆናል፤ ሳይቸኩሉ መደጋገምን ግን ያውቃሉ። ለጋሽ ኃይሉ ይህ በቂ የጋራ ቋንቋ ሆነ።

ከሁለቱ ጋር በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጡ፤ ስድስት ሥራ ነው። ከመካከላቸው «ትዝታ» እና «አንቺ ሆዬ ለኔ» ስማቸውን ከየቅኝታቸው የወሰዱ ናቸው። ሰባን ያለፈ ሰው አዲስ አልበም ሲያወጣ ፊደል ወደቆጠረበት ገጽ መመለሱ እንደ ጉድለት የሚታየው ካለ ሙዚቃውን አላዳመጠም። ትዝታውን ከአሥር ደቂቃ በላይ ይዘውት ሲጓዙ መግቢያው ላይ አኮርዲዮኑ በዝግታ፣ ሰውን እንደሚቀሰቅስ ሆኖ ይመጣል፤ ድራሙ ዘግይቶ ይደርስበታል፤ ከዚያ ነገሩ ይሞቃል። «ላላ በሉ» በሚለው ሥራ ላይ ደግሞ የሰው ድምፅ ይገባል፤ ዘፈን ሳይሆን ማስጨፈሪያ ጥሪ፣ እንደ ሆታ ያለ።

በ2020 የወጣው «የኔ ምርጫ» ይባላል። ይህን በዋሽንግተን ካሉ ሙዚቀኞች ጋር ነው የሠሩት፤ ሰጠኝ አጣናው ማሲንቆ ይዞ ገብቷል፣ የድሮ ባልደረባቸው ሞገስ ሀብቴም ሳክስፎናቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ከአስናቀች ወርቁ ሥራ አንስተው እስከ ቴዲ አፍሮ ድረስ ነክተዋል። ማሲንቆውና አኮርዲዮኑ ጎን ለጎን ሲሰሙ ቀደም ብሎ ስለ ትንፋሽና ስለ ጭራ የተባለው ነገር ይታያል፤ ሁለቱ የተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ይፈቀድ፤ አልበሙ ጥሩ ተጫዋቾች ስላሉት አንዳንዴ ጥሩ ተጫዋቾች እንዳሉት ለማሳየት ይሯሯጣል። የ1985ቱ ደካማ ስቱዲዮ ይህ ፈተና አልነበረበትም።

ታናናሾቻቸው በኮምፒውተር ተመሳሳይ በር እያንኳኩ ነው። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉና በ2016 «ዘላለም»ን ያወጣው ሚካኤል ሰይፉ የአዝማሪን ድምፅ፣ የክራርን ምት ወስደው በኤሌክትሮኒክ ምት ውስጥ ይቆርጡታል፣ ይደጋግሙታል፤ ሥራቸውንም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይሉታል። ከጋሽ ኃይሉ የሚለዩት እነሱ የሌላን ሰው ቀረጻ ቆርጠው ማስገባት መቻላቸው ነው። በ1985 እንዲህ ያለ ነገር በትንሽ ስቱዲዮ አቅም ቀላል አልነበረም፤ አሮጌውን ድምፅ የፈለገ አሮጌውን መሣሪያ ራሱ ተሸክሞ መጫወት ነበረበት።

ጋሽ ኃይሉ በ2016 ክረምት ብሩክሊን ውስጥ ያቀረቡት ዝግጅት በ2023 በአልበም ወጥቷል። ቀረጻው ውስጥ በየሥራው ማብቂያ የሰዉ ጩኸት ይሰማል፤ በአብዛኛው አማርኛ የማያውቅ፣ «ላላ በሉ» ሲባል ምን እንደተባለ ሳይገባው የሚመልስ ሰው።

የ2018ቱ አልበም የሚዘጋው «የፍቅር እንጉርጉሮ» በተባለ ሥራ ነው። ድራም የለም፣ ቤዝ የለም፣ አኮርዲዮንም የለም። ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን ፒያኖ ላይ ተቀምጠዋል። አልበሙ ሲወጣ አሁንም ታክሲ ይነዱ ነበር። ከአውሮፓ ወደ ዋሽንግተን የሚመጣ መንገደኛ በአብዛኛው የሚያርፈው ደለስ ነው። ስለዚህ ከጉብኝት ሲመለሱ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በመድረሻው በር ይወጡ ነበር፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እዚያው በር ላይ፣ ኪቦርዱን ከኋላ ጭነው፣ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።